ከእጅ መንሳቱ የሚከብደው ሌላ ነው፦ ወደ ጃፓን ለሚሄዱ ሚስዮናዊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ቤተ ክርስቲያናችን እኔን፣ ባለቤቴንና የ7 ዓመት ልጃችንን በሚስዮናዊነት ወደ ጃፓን ልትልከን ነው። ናጎያ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ አጥቢያ ትቀበለናለች። በነጻ የእንግሊዝኛ ክፍል ጀምረን፣ ቤት ለቤት ወንጌል እየሰበክን፣ ቋንቋውን ጎን ለጎን ለመማር አስበናል። የሚያስጨንቀኝ ባህሉ ነው፤ ለሰው ሁሉ ጎንበስ ማለቱ፣ የሰፈሩ የመቅደስ በዓል፣ የቡድሂስቶች ለቅሶ። የቱ ባህል ነው፣ የቱ አምልኮ? ለመልመድስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ምላሽ፦ ከዕቅድዎ ሁለት ነገሮች ይውጡ። አንደኛው ቤት ለቤት መዞሩ ነው፤ ሁለተኛው «ቋንቋውን ጎን ለጎን» የሚለው ነው። ያስጨነቀዎት ጎንበስ ማለት ግን ከሁሉም የሚቀለው ስለሆነ ከሱ እንጀምርና እንለፈው።

አማርኛ «መስገድ»ንና «እጅ መንሳት»ን ይለያል። የጃፓኖቹ ኦጂጊ እጅ መንሳት ነው። ወገብ 15 ዲግሪ ያህል ጎበጥ ሲል የመንገድ ሰላምታ ነው፤ 30 ሲደርስ ለእንግዳና ለበላይ፣ 45 ሲሆን ለከባድ ይቅርታ ወይም ለትልቅ ምስጋና ይሆናል። ፓስተሩም ለምእመናኑ ጎንበስ ይላል። አምልኮ የሚሆነው በሺንቶ (የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት) መቅደስ ፊት ቆሞ ሁለቴ ጎንበስ ማለት፣ ሁለቴ ማጨብጨብና እንደገና አንዴ ጎንበስ ማለት ነው። ሰላምታ ላይ የሚያስቸግረው ይልቅ የራሳችን ልማድ ነው፤ ጉንጭ መሳሳም፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት፣ ወንድ ከወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ እዚያ ሰውን ያሸማቅቃል። አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ብለው ይቁሙ፤ መጀመሪያ ቃሉን ይበሉ፣ ከዚያ ዐይንዎን ወደ መሬት አድርገው ጎንበስ ይበሉ። እጅ ከዘረጉልዎ ይጨብጡ፣ ነገር ግን እየጨበጡ ጎንበስ አይበሉ፤ ግንባር ለግንባር መጋጨት አለ።

ወደ ቤት ለቤቱ ስንመጣ፣ ጃፓኖች ሃይማኖት ይዞ በር የሚያንኳኳን እንግዳ የሚፈሩበት በቂ ምክንያት አላቸው። በመጋቢት 1995 (ዓመታቱንም ወራቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኦም ሺንሪክዮ የተባለው ቡድን በቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን የተባለ መርዝ ለቆ ሰው ፈጅቷል። በሐምሌ 2022 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ሲገደሉ፣ ገዳዩ እናቴ ለዩኒፊኬሽን ቤተ ክርስቲያን ገንዘቧን ሁሉ ሰጥታ ቤተሰባችን ፈረሰ ብሎ ተናገረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሰውን አስጨንቆ ስጦታ መሰብሰብን የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት ድርጅቱ እንዲፈርስ ወሰነ። በር ላይ የሚያገኙዎት ሰው እርስዎን ከነዚህ የሚለይበት መንገድ የለውም። በአብዛኛው በሩንም አይከፍትም፤ በካሜራው አይቶ በድምፅ ማጉያው «ይቅርታ» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ግን የሚታሙት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ለዓመታት ስሟን ጠብቃ የኖረችው አጥቢያም አብራ ትታማለች።

የእንግሊዝኛ ክፍል ክልክል አይደለም። ነገር ግን በራሪ ወረቀቱ ላይ አስተማሪዋ ቤተ ክርስቲያን መሆኗና የመጽሐፍ ቅዱስ ጊዜ መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይጻፍ። ማንነትን ሸሽጎ ሰው መሰብሰብ ጃፓን ውስጥ የሐሰተኛ ቡድኖች መታወቂያ ሆኗል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ እንዳይመዘገብ። «ገሃነም ትገባለህ» እያሉ ልጅን አስፈራርቶ ወደ ሃይማኖት ሥርዓት ማስገባትም መንግሥት በ2022 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ከሥነ ልቦና ጥቃት ተቆጥሯል። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎቻችን በቀላሉ የሚናገሩት ነገር ስለሆነ ባለቤትዎም ይወቁት።

ቪዛውን ባጭሩ። የሚያስፈልግዎ «የሃይማኖት ተግባር» የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ለ5 ዓመት፣ ለ3 ዓመት፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ3 ወር ይሰጣል። ማመልከቻውን ጃፓን ላይ የምታስገባው ተቀባይዋ አጥቢያ ስትሆን፣ የላኪዋ ቤተ ክርስቲያን የምደባ ደብዳቤ የአገልግሎቱን ዘመን፣ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን ለይቶ መጥቀስ አለበት። በማመልከቻው የሚገኘው የብቁነት ምስክር ወረቀት ከተሰጠ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ጃፓን ካልተገባበት ይከስማል። አየር ማረፊያ የመኖሪያ ካርድ ይሰጥዎታል፤ ቤት ከያዙ በ14 ቀን ውስጥ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደው አድራሻዎን ያስመዝግቡ፣ በዚያው ወደ ብሔራዊ የጤና መድኅን ይግቡ። መድኅኑ ከሕክምና ወጪ 70 በመቶውን ይሸፍናል። ከአገልግሎቱ ውጭ ለደመወዝ መሥራት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባለቤትዎም በጥገኛ (ለቤተሰብ በሚሰጠው) ፈቃድ ከገቡ፣ ፈቃድ አውጥተው በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ብቻ መሥራት ይችላሉ። አንድ ወጥመድ አለ፦ የተፈቀደልዎን ተግባር ሳይሠሩ ከ3 ወር በላይ ከቆዩ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ የቋንቋ ትምህርቱ የምደባው ክፍል መሆኑና እሑድ በአጥቢያዋ የሚሰጡት አገልግሎት ደብዳቤው ላይ አብሮ ይጻፍ። ሌላም፦ ቋንጣ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ። ማንኛውም የሥጋ ውጤት ያለ መንግሥት የምርመራ ወረቀት አይገባም፤ ቅጣቱም ከባድ ነው።

አሁን ዋናው፣ ቋንቋው። አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቀልለት ነገር አለ፤ ይህን የሚነግርዎ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ አያገኙም። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል። «እናቴ ትናንት የገዛችው መጽሐፍ» ለማለት ጃፓኖች «ሃሃ ጋ ኪኖ ካታ ሆን» ይላሉ፤ ቃል በቃል በእኛው ቅደም ተከተል። ሁለቱ የጃፓንኛ ፊደሎች ሂራጋናና ካታካና እንደ ፊደላችን አንድ ምልክት አንድ ቀለም የሚያሰሙ፣ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክት ያላቸው ናቸው። ሁለቱንም በሦስት ሳምንት መጨረስ ይቻላል። ሸክሙ ካንጂ፣ ከቻይና የመጣው ጽሕፈት፣ ነው፤ ለዕለት ንባብ የተወሰነው ዝርዝር 2,136 ምልክት ይዟል፣ ብዙዎቹም ሁለትና ከዚያ በላይ ንባብ አላቸው።

አክብሮቱም እኛ ከምናውቀው አንድ ደረጃ ይጨምራል። እኛ «አንተ»ን ወደ «እርስዎ» ከፍ እናደርጋለን፤ ጃፓንኛ ከዚህ ሌላ ራስን ዝቅ የሚያደርግ የግስ ረድፍ አለው። ለውጭ ሰው ሲናገሩ የራስዎን ሚስት፣ የራስዎን አጥቢያ ሽማግሌ ሳይቀር ዝቅ አድርገው ይጠራሉ። ከሰው ስም በኋላ የሚባለውን የአክብሮት ቃል «ሳን»ን ከራስ ስም ጋር መለጠፍ ስሕተት ነው። ምእመናን «ሰንሰይ» (መምህር) ይሉዎታል፤ እርስዎ ግን ራስዎን «ሰንሰይ» አይሉም፣ «ሰንክዮሺ» (ሚስዮናዊ) ነኝ ይላሉ።

ከባዱ ፈተና ግን ስብከቱ ላይ ነው። «ካሚ» ስንል አምላክ ማለታችን ነው፤ ሰሚው ግን ካሚ ሲባል የተራራው፣ የዛፉ፣ የሩዙና የሞቱት ጀግኖች መናፍስት፣ በአባባላቸው «ስምንት ሚሊዮኑ» ነው የሚታየው። «ትሱሚ» ኃጢአት ተብሎ ይተረጎማል፤ በአደባባይ ግን ወንጀል ማለት ነው። ለአንዲት ቀጥተኛ አዛውንት «ኃጢአተኛ ነዎት» ሲሏቸው ፖሊስ የሚፈልጋቸው ይመስል ይሰማቸዋል። ይህ ስሕተት የቆየ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1549 ካጎሺማ የደረሰው የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር በመጀመሪያ እግዚአብሔርን «ዳይኒቺ» ብሎ ሰበከ፤ ኋላ ዳይኒቺ የቡድሂስቶች የቡድሃ ስም መሆኑን ሲረዳ ትቶ «ደውስ» የሚለውን የላቲን ቃል ያዘ። የሩሲያ ኦርቶዶክሱ አባ ኒኮላይ ግን በ1861 ሀኮዳቴ ገብቶ ዓመታቱን ቋንቋውንና መጻሕፍቱን ሲያጠና ቆየ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች ያጠመቀው በ1868 ነው። ከሦስቱ አንዱ ሊገድለው የመጣው ሳሙራይ ሳዋቤ ነበር። በቶኪዮ በ1891 የተመረቀውን ካቴድራል ሕዝቡ ዛሬም በኒኮላይ ስም ይጠራዋል።

ስለዚህ 2 ዓመት ሙሉ የቀን ተማሪ ይሁኑ፤ በሳምንት 20 ሰዓት ክፍል፣ ያን ያህል ደግሞ የቤት ሥራ። በመጀመሪያው ዓመት የእንግሊዝኛ ክፍል አይክፈቱ። የሚመጡት ሰዎች እንግሊዝኛ ፈላጊዎች ስለሆኑ ጃፓንኛ አያናግሩዎትም፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በአስተርጓሚ የሚኖር ሚስዮናዊ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤቶች በዋናነት ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ስለሚቀበሉ፣ ከአንድ ወር በፊት ይድረሱ።

ባህሉን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ ቁልፉ ይሉኝታ ነው። ጃፓን ይሉኝታ ሥርዓት ሆኖ የሚሠራበት አገር ነው ብለው ይነሡ፤ ብዙ አይሳሳቱም። ለአደባባይ የሚባለው «ታተማኤ»፣ በልብ ያለው «ሆንኔ» ይባላል፤ ሰሙና ወርቁ እንደማለት ነው። አንድ ሰው ጸሎት ላይ ሲጋበዝ «አስብበታለሁ» ካለ አይመጣም ማለት ነው። «ቾቶ...» (ትንሽ...) ብሎ ትንፋሹን ከሳበ፣ አይሆንም ብሏል። ጃፓንኛዎ ጎበዝ ነው ካሉዎት ገና ጀማሪ ነዎት፤ ጎበዝ ሲሆኑ ማመስገኑ ይቀራል። ይህን ግብዝነት ብሎ ከመድረክ መገሠጽ የብዙ አዲስ ሚስዮናውያን ጥፋት ነው። የኛ ይሉኝታ ማምለጫ አለው፤ ሽማግሌ ልከን ያፈርንበትን እናናግራለን፣ ሲበዛብንም «ይሉኝታ አያውቅም» እስክንባል እንፈነዳለን። እዚያ ፍንዳታው ራሱ ግንኙነቱን ይጨርሰዋል። የአጥቢያ ጉባኤ ላይ ድንገት አዲስ ሐሳብ አያቅርቡ። አስቀድመው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ያነጋግሩ፤ ይህን «ነማዋሺ» ይሉታል፣ ዛፍ ከመንቀሉ በፊት ሥሩን ዙሪያውን መኮትኮት ማለት ነው። በጉባኤው ቀን ክርክር ከተነሣ ኩትኮታው አልተሠራም ነበር።

ቤት በገቡ ቀን ወይም በማግሥቱ፣ ፊት ለፊት ላሉት ሦስት ቤቶችና ግራና ቀኝ ላሉት ሁለት፣ አፓርታማ ከሆነ ከላይና ከታች ላሉትም ጭምር፣ ከ500 እስከ 1,000 የን የሚያወጣ ፎጣ ወይም የልብስ ሳሙና ይዘው ይሂዱ። በር ላይ ቆመው ስም ይናገሩ፣ ሚስዮናዊ መሆንዎን አይደብቁ፣ ልጅ እንዳለችና ድምፅ ልታሰማ እንደምትችል ይቅርታ ይጠይቁ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ግቡ ቢሉዎትም አይግቡ። ስጦታ ሲቀበሉ በገንዘብ ግማሽ የሚሆነውን ይመልሱ፤ ይህ ወግ «ሀንጋኤሺ» ይባላል። ሐምሌና ታኅሣሥ ላይ ባለውለታን ማስታወስ አለ፤ ከጉዞ ሲመለሱም ለየአንዳንዱ የሚደርስ ትንሽ ጣፋጭ። ለዚህ ደብተር ያስፈልጋል። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ምን ተመለሰለት ብለው እንደ ሠርግ ደብተር ይመዝግቡ። ሳያስታውቁ የሰው ቤት መሄድን ይርሱት።

ቆሻሻ ቀላል ይመስላል፤ የሰፈር ስም የሚበላሸው ግን በሱ ነው። የሚቃጠል፣ ፕላስቲክ፣ የመጠጥ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ትልቅ ዕቃ እያንዳንዱ የራሱ ቀንና ከረጢት አለው። በብዙ ከተሞች ጠዋት በእነሱ 8 ሰዓት (በኛ 2 ሰዓት) ሳይደርስ ማውጣት ነው፤ ማታ ካወጡት ቁራ ይበትነዋል። በስሕተት የተደባለቀ ከረጢት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት እዚያው ይቀራል፤ የማን እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቡና መቁላትም እንዲሁ ነው። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጣ ጎረቤት የቡናውንና የዕጣኑን ጭስ ሽታ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ የቤቱ የጭስ መቆጣጠሪያም ይጮኻል። በአነስተኛ መጠን፣ መስኮት ዘግተው ማራገቢያው ሥር ይቁሉ። ቀጭን ግድግዳ ባለው አፓርታማ የጸሎት ጉባኤና ከፍ ያለ መዝሙር አይሆንም፤ ቤቱን የሚያስለቅቅ የኪራይ ውል አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል።

ማዕድ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። በሩዝ ላይ ቾፕስቲክ አይትከሉ፤ ለሙታን የሚቀርብ ሩዝ እንዲያ ነው። ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ አያቀብሉ፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚያነሣው እንዲህ ነው። ጉርሻ የለመደ እጅ ይህን በፍቅር ሊያደርገው ስለሚችል ነው መጥቀሴ። ለኦርቶዶክስ አንባቢ ደግሞ፦ አትክልት የመሰለው ሾርባ ሁሉ ማለት ይቻላል በደረቅ ዓሣ ውኃ (ዳሺ) የተሠራ ነው፤ በጾም ወቅት ከባሕር አረም ብቻ የተሠራውን «ኮምቡ ዳሺ» ጠይቁ።

የሰፈር ማኅበሩ «ቾናይካይ» እድርን ይመስላል፤ መዋጮ፣ የጽዳት ቀን፣ ተራ። ይግቡበት፤ የጽዳት ቀን መጥረጊያ ይዞ መገኘት ከአሥር በራሪ ወረቀት ይበልጣል። ችግሩ አንዳንዱ ማኅበር ከመዋጮው ለሺንቶ መቅደስ መክፈሉ ነው። በ2002 የሳጋ አውራጃ ፍርድ ቤት የመቅደስ መዋጮን ከአባልነት ክፍያ ጋር አጣብቆ ማስከፈልን ሕገ ወጥ ብሎታል፤ ስለዚህ መብት አለዎት። ይህን መብት በስብሰባ ላይ ግን አይጥቀሱት። ሊቀ መንበሩን ለብቻቸው አግኝተው «በእምነቴ ምክንያት የመቅደሱን ድርሻ መክፈል አልችልም፤ በሱ ፈንታ በጽዳትና በልጆች ዝግጅት ተጨማሪ ተራ ልውሰድ» ይበሏቸው። በበዓሉ ቀን የመቅደሱን ታቦት መሰል ማደሪያ (ሚኮሺ) አይሸከሙ፤ መንገድ ላይ ውኃ ማደል ግን ይቻላል።

ለቅሶ። እዚህ ላይ አስቀድሞ ከአጥቢያዎ ፓስተር ጋር ተነጋግረው ወስነው ይሂዱ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ከረቫት፣ ጥቁር ካልሲ። ለጎረቤት ከ3,000 እስከ 5,000 የን ይበቃል፤ 4 እና 9 የሚል ቁጥር አይኑርበት። ብሩ አዲስና የተለጠጠ አይሁን፤ ሞቱን ስትጠብቁ ነበር ያሰኛል። ፖስታው ላይ እንደ ክርስቲያን «ኦሃናርዮ»፣ የአበባ ዋጋ፣ ተብሎ ይጻፋል። በሁለት እጅ ለመዝገብ ያዡ ይስጡ፤ «ክርስቲያን ስለሆንኩ ዕጣን አላቀርብም፣ ጸሎት ግን አደርጋለሁ» ብለው በዚያው ይንገሩ። ተራዎ ሲደርስ ወደ ፊት ይሂዱ፣ ለቤተሰቡ ጎንበስ ይበሉ፣ ፎቶግራፉ ፊት ለጥቂት ሰከንድ በዝምታ ቆመው ስለ ሐዘንተኞቹ ይጸልዩ፣ እንደገና ለቤተሰቡ ጎንበስ ብለው ይመለሱ። ካቶሊኮች ዕጣኑን እንደ አክብሮት ይፈቅዱታል፤ ብዙ ፕሮቴስታንቶች አይነኩትም። የማይፈቀደው ነገር አለመሄድ ነው። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም አይለመድም፤ ሙሾ የለም።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ለቅሶው የእምነቱ ሁሉ መገናኛ ስለሆነ ነው። በ1614 ክርስትና በመላው አገሪቱ ከታገደ በኋላ፣ መንግሥት ክርስቲያን አለመሆኑን እንዲያስመሰክር እያንዳንዱን ቤተሰብ ከአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጋር አስመዘገበ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው፤ የቤተሰብና የመቅደስ ትስስሩ ግን የመቃብር ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ታላቁ ወንድ ልጅ የአያቶቹን መቃብርና በቤት ያለውን መሠዊያ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ በነሐሴ አጋማሽ በኦቦን የሙታንን መታሰቢያ የሚያደርገው እሱ ነው። ጥምቀት የጠየቀዎት ሰው ታላቅ ልጅ ከሆነ፣ እናቱ የሚሰሙት «የሚቀብረኝ የለም» የሚለውን ነው። ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ገደማ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ጥምቀት አያስቸኩሉ። እናትየውን ሄደው ያግኙ፤ መቃብሩን ማጽዳት፣ ሣሩን መንቀልና አበባ ማኖር እንደሚቀጥል ልጁ ራሱ ይንገራቸው፤ አጥቢያዋ የጋራ የአጥንት ማኖሪያ ካላት ያሳዩዋቸው። አስከሬን ማቃጠሉን አይከራከሩ፤ ከዚያ ውጭ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል።

ልጅዎ የሰፈሩ መንግሥታዊ ትምህርት ቤት ትግባ፤ ለውጭ አገር ልጅ ግዴታ ባይሆንም ከጠየቁ በነጻ ይቀበሏታል። በዓመት ከምናምን ውስጥ ከእናንተ በላይ ትናገራለች። አስተርጓሚ አያድርጓት፣ በተለይ በአጥቢያ ጉዳይ። በኅዳር 15 ቀን የሚውለው «ሺቺ-ጎ-ሳን» የ7 ዓመት ልጃገረዶችን መቅደስ የሚወስድ በዓል ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ ኪሞኖ ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ። ብዙ አጥቢያዎች በዚያ ሰሞን የልጆች ቡራኬ ስላላቸው፣ እሷም አምራ ለብሳ በዚያ ትገኝ።

የመልመጃ ጊዜውን ጠይቀዋል። የዕለት ኑሮው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ መስማት ሦስትና አራት ዓመት። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያንዎ ቢያንስ የ4 ዓመት ወጪ ሸፍና፣ ሁለቱን የቋንቋ ዓመታት ያለ ጥምቀት ሪፖርት ለመቀበል ካልተስማማች፣ አሁን አይሂዱ፤ ጉዞውን ያዘግዩት። ከተስማማች ደግሞ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ከናጎያዋ አጥቢያ ፓስተር ሦስት ነገር በጽሑፍ ያግኙ፦ በለቅሶና በመቅደስ በዓል ላይ የአጥቢያዋ አቋም ምን እንደሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያስተካክልዎት አንድ ጃፓናዊ ማን እንደሆነ፣ የምትኖሩበት ቤት ከአጥቢያዋ በእግር ከ15 ደቂቃ የማይርቅ መሆኑን።